ሰባት እርምጃ ስሄድ ላልጠሩኝ ለክቡር ሲስተም

ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር ሲስተም
የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ቆራጭ
ባሉበት፣ ከሌሉም በሌሉበት

ጉዳዩ፡ ከመርከብ በፊትና ከመርከብ በኋላ ያለውን ርካሽ የበረራ ቀን ስፈልግ ስላደረጉልኝ ነገር ሁሉ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ሃይማኖትዎን የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ፣ ይህ ሰላምታ ካልተመቸዎት በጤና ይስጥልኝ ይተኩልኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎት። ባንክ ገንዘብ ላወጣ ስሄድ «ሲስተም ወድቋል» ይሉኛል፤ የመብራት ልከፍል ስሄድ «ሲስተም የለም» ይሉኛል፤ ግብር ልከፍል እንኳ፣ ልክፈል ብዬ በገዛ እግሬ ሄጄ፣ «ሲስተም እስኪመጣ ጠብቂ» ተብዬ ጠብቄዎት አውቃለሁ። እንዲህ ሲወድቁ ሲነሱ አንድ ቀን አጥንትዎ እንዳይሰበር ብዬ በጣም ነው የምሰጋው። ደግነቱ የትኬት ዋጋ መጨመር ላይ አንድም ቀን ወድቀው ወይም ቀርተው ስለማያውቁ፣ ለዚያ የሚሆን አቅም ያልነሳዎትን አላህን አመሰግናለሁ።

እኔ ዘይባ ሙስተፋ እባላለሁ። ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ወዲህ ማዶ፣ የማረቆ በርበሬ ስሸጥ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ማረቆ ወረዳ፣ ቆሼ ከተማ ወርጄ ከገበሬው እገዛለሁ፤ እዚህ አምጥቼ እሸጣለሁ። እርስዎ ዋጋ በመቁረጥ የታወቁ እንደ መሆንዎ መጠን እኔም በሰፈሬ ትንሽ ስም አለኝ፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሙያ ባልደረባዎ እንደ ጻፈችልዎት አድርገው ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት። ታናሽ እህቴ ፈቲሀ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ከዚህ ወጥታ ዓረብ አገር ገባች። በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ላለፉት አራት ዓመታት ደግሞ ሀብታሞች ለሽርሽር በሚሳፈሩበት ትልቅ መርከብ ላይ አንሶላ ትተኩሳለች። መርከቡ ቅዳሜ ማታ ከዱባይ ይነሳና ሰባት ቀን ባሕር ላይ ዞሮ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ዱባይ ይመለሳል። ከተነሱበት ለመድረስ ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ሕዝብ መኖሩን ስሰማ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ዕቃ ስሸጥ እንደ ኖርኩ ገባኝ።

ታዲያ የመርከቡ ባለቤቶች አንድ ደግነት አላቸው። የፈረንጅ ገና ከመድረሱ በፊት መንገደኛ በሚሳሳበት ሳምንት፣ ወረፋ የደረሰው ሠራተኛ አንድ የቤተሰቡን ሰው በነጻ ያሳፍራል። ፈቲሀ አራት ዓመት ጠብቃ ዘንድሮ ደረሳትና እኔን ጠራች። በኢሞ ካልሆነ በዓይነ ሥጋ አሥራ ስድስት ዓመት ያላየኋት እህቴ፣ ለዓረፋና ለዒድ «እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን» ተባብለን ከምንዘጋው በቀር ወሬ ያልነበረን እህቴ፣ «ነይ፣ ኅዳር 27 ቅዳሜ ነው» አለችኝ። ቪዛውን ኩባንያው ጨረሰ። መርከቡ በነጻ፣ አውሮፕላኑ በራስ። የበረራ ቁጥሬ እስከ ኅዳር 17 ካልደረሳት ግን ወረፋው ለሌላ ሠራተኛ ያልፋል፤ የእሷም ውል መጋቢት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምትሄድ አላህ ነው የሚያውቀው። እንግዲህ ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከመርከቡ በፊት የምሄድበትንና ከመርከቡ በኋላ የምመለስበትን ቀን መርጬ ትኬት መቁረጥ። ይህን ቀላል ነገር እንዴት እንዳሳመሩልኝ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር እዘረዝራለሁ።

1ኛ. ስላልጠሩኝ

በመስከረም መጨረሻ ከመናኸሪያው በላይ ባለው የትኬት ቢሮ ገባሁ። ሔራን የምትባል ጨዋ ልጅ፣ አማርኛዋ እንደ አዲስ አበባ ልጆች ቅልጥፍ ያለ፣ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ «ማክሰኞ ሄደው ማክሰኞ ቢመለሱ አርባ ስምንት ሺህ ብር ነው፣ እትዬ ዘይባ፤ በጣም ርካሽ ነው፣ ይያዙት» አለችኝ። ሳቅሁ። ክቡርነትዎ የገበያ ወግ ስለማያውቁ አይፈረድብዎትምና ላስረዳዎት፦ ዋጋ ሲጠራ መጀመሪያ ይሳቃል። ቀጥሎ ግማሹ ይባላል። ሻጩ ይምላል። ገዢ ተነስቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ ግን ቀስ እያለ ነው፤ ዞር ብሎ አያይም፤ ጆሮው ግን ኋላው ላይ ነው። ሰባት እርምጃ ሳይሞላ «ኧረ ነይ ውሰጂ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። በቃ። ይኸው ነው ሕጉ።

እኔም ሕጉን ጠብቄ ሃያ አምስት ሺህ አልኩ። ሔራን «ዋጋውን ሲስተሙ ነው የሚያወጣው» አለች። ተነሳሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ወጣሁ። ሰባት ላይ ዝም። መቼም ጀማሪ ሻጭ ይሆናል ብዬ አሥራ አምስት ድረስ ሄድኩልዎት። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሻሼን ያሰርኩ መሰልኩ፤ ፈትቼም እንደ ገና አሰርኩት። ወላሂ፣ በዚያች ቀን ሻሼን ያሰርኩትን ያህል ለሠርጌም አላሰርኩም። የሚጠራ የለም። በማግስቱ ስመለስ አምስት ሺህ ጨምረው ጠበቁኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ገበያ ስውል ጥላው የሄደችን ገዢ በጭማሪ የሚቀበል ሻጭ አይቼ ስለማላውቅ፣ ለዚህ አዲስ ትምህርት ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ረቂቅ ዓይንዎ

ጎረቤቴ መምህር ሀብተወልድ ከወሎ መጥተው እዚሁ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መከራዬን ሲሰሙ «ደጋግመሽ ስለ ጠየቅሽ ነው፤ ሲስተሙ ፈላጊዋን ለይቶ ያውቃል» አሉኝ። እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም፤ እኔ ግን አመንኳቸው። ይህ በእኛም ገበያ ያለ ነገር ነው፤ ዕቃው በጣም እንዳማረሽ ሻጩ ካወቀ አለቀልሽ። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ሰው ልኮ ማስጠየቅ። ባለቤቴን ሙባሪክን ላክሁት። ለራሱ እንደሚሄድ መስሎ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ዱባይን ንቆ እንዲጠይቅ አሠልጥኜ ላክሁት። ሔራን «ማን ነው ተጓዡ?» ስትለው «ዘይባ ናት፣ ግን እንዳትነግሪው ብላለች» ብሏት ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሰው ሰጥቶኛል አላህ፣ አልሐምዱሊላህ!

እኔም ሌላ ሻሽ አድርጌ፣ መነጽር ተውሼ፣ በሌላ ቀን ገባሁ። ሔራን እስኪበቃት ሳቀች። እርስዎ ግን አልሳቁም፤ ስድሳ አንድ ሺህ አሉ።

3ኛ. ስለ በፊትና ስለ በኋላ

መምህር ሀብተወልድ ተማሪ ካጡ ሰባት ዓመታቸው ስለሆነ፣ የእኔን ጉዳይ ሲያገኙ እንደ በዓል ነው የተቀበሉት። በደብተር ላይ ሠንጠረዥ አሰመሩ። በላይ በኩል «ከመርከብ በፊት»፣ በታች በኩል «ከመርከብ በኋላ»። ማክሰኞና ረቡዕ ርካሽ ነው፤ ሐሙስ፣ ዓርብና እሑድ ውድ ነው፤ መርከቡ በሚነሳበት በዚያው ዕለት መብረር ደግሞ ዕብደት ነው፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅም አሉ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ስኖር መንገደኛ ሳይሞላ የሚነሳ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ይህን ለማመን ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ቀጥለን መደመር ጀመርን። በርካሹ ማክሰኞ ብሄድ መርከቡ እስኪነሳ አራት ሌሊት ዱባይ ሆቴል ማደር አለብኝ። ቅዳሜ ከመርከብ ወርጄ ርካሹን ማክሰኞ ልጠብቅ ብል ሌላ ሦስት ሌሊት። መምህር የሆቴሉን ዋጋ ከስልካቸው እያነበቡ ሲጽፉ በማክሰኞ ያተረፍኳትን ሆቴሉ በላብኝ፤ ቀናቱን አሳጥሬ ከሆቴሉ ሳመልጥ ደግሞ እርስዎ በሐሙስና በእሑድ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። በዚያ ላይ ወሩ በርበሬ ከማሳ የሚወርድበት ነው፤ እኔ የምቀርበት እያንዳንዱ ቀን ቆሼ ላይ ለሌላ ነጋዴ ሠርግ ነው። ደብተሩ አለቀ። ቀኑ አልተገኘም። መምህር ግን በጣም ወፈሩ፣ ፊታቸውም ጠራ፤ ለዚህ ምስጋናው የእርስዎ ነው።

(ኋላ ዱባይ ስደርስ የጎረቤታችን የእንሴኖ ከተማ ልጆች፣ አምስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚኖሩ፣ ሆቴል እንዳሰብኩ ሰምተው ተቆጡኝ። «የሰው አገር ሰው ሆንን እንዴ? እኛ እያለን ሆቴል?» አሉኝ። አራቱም ሌሊት፣ ሦስቱም ሌሊት በነጻ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስደምር ስቀንስ «ዱባይ የአገሬ ሰው ይኖር ይሆን?» ብዬ አንድም ሰው አልጠየቅሁም። ይህ ጥፋት የእርስዎ አይደለም፤ ቢሆንም ከእርስዎ ጋር በተያያዘ የደረሰ ስለሆነ እዚሁ እንዲመዘገብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።)

4ኛ. ስለ ገበያ መፍቻ

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ድምፄን ከፍ ባደርግ ይቅር ይበሉኝ። ገበያ ሊፈታ ሲል ዋጋ ይወድቃል! ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻጭ ዕቃውን ተሸክሞ ከሚመለስ ያወርዳል። ስለዚህ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብዬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ጥቅምትን በሙሉ ጠበቅሁ። ሔራን በመንገድ ስታገኘኝ «እትዬ ዘይባ፣ ኧረ ይቁረጡ!» ትለኛለች፤ እኔ «ይመሽበታል፣ ቆይ» እላታለሁ። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል ባዶ ወንበሩን ወዴት ሊያደርገው ነው፣ ቤቱ ሊወስደው ነው? ብዬ ነው።

ኅዳር ገባ። ሰማንያ ሺህ። ኅዳር 10። ዘጠና አራት። በርበሬ ሲያድር ይደርቃል፣ ክብደቱም ይቀንሳል፤ የእርስዎ ዕቃ ሲያድር የሚከብድ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ማለቴ፣ ሔራን ነግራኛለች፤ መምህርም ነግረውኛል፤ ሙባሪክም ነግሮኛል። ከሚያውቅ ሰው ግን አልሰማሁም።

ኅዳር 16 ማክሰኞ ፈቲሀ ደወለች። ቀድሞም ገንዘቡን እኔ ልላክ ብላኝ ነበር፤ እኔ ታላቂቱ፣ እኔ ባለሱቋ እንዴት ተደርጎ! በዚያን ቀን ግን ስለ ገንዘብ አላነሳችም። ነገ የበረራ ቁጥር መስጫው የመጨረሻ ቀን እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ስለ ማክሰኞና ስለ ረቡዕ፣ ስለ እርስዎም ክፋት ማስረዳት ስጀምር ሰማችኝና «እትዬ፣ አሁንም በእኔ ትከራከሪያለሽ?» አለች። ዘጋች።

ይህን አባባል እንዲረዱት አንድ ያልተጠየቅሁትን ነገር መናገር ሊኖርብኝ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ፈቲሀ ሰባት ዓመት አብራኝ የሠራችበትን ሱቅ «እኩል አድርጊኝ» አለችኝ። ሳቅሁ። ሩብ አልኳት። «እኩል» አለች። ሩብ አልኳት። ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። እኔ አውቃለሁ፣ ገበያ ነው፤ ቀስ እያለች ነበር የምትሄደው። መድኃኒት ቤቱ ጋ ስትደርስ አንድ ጊዜ ዞር አለች። እኔ ሚዛን ላይ አጎንብሼ ለሰው በርበሬ የምመዝን መሰልኩ። ሰውየው ሁለት ኪሎ ነበር ያዘዘው፤ እጄ ዝም ብሎ ሦስት ኪሎ ሰፈረለት። በሆዴ እቆጥራለሁ። ሻጭ ቶሎ ከተጣራ ይዋረዳል፤ ራሷ ትመለሳለች አልኩ። አስፋልቱን ተሻገረች። ረዳቱ «አዲስ አበባ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጮህ ነበር። ያ አንድ ሰው እሷ ሆነች።

እንግዲህ «ስላልጠሩኝ» ብዬ በተራ ቁጥር አንድ ያስቀመጥኩትን ክስ ሲያነቡ ምን እንዳሉ መገመት አያቅተኝም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ስልክ በኋላ በርበሬውን ክፍት ትቼ ወደ ሔራን ሮጥኩ። «አንድ መቶ አሥራ ሦስት ሺህ፤ ሐሙስ ሄደው እሑድ መመለስ፤ አንድ ወንበር ብቻ ቀርታለች» አለችኝ። እኔ ልክፈል ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ገንዘቡም ስልኬ ላይ ነበር። ልቤም እሺ ብሎ ነበር። እግሬ ግን ሃያ ሦስት ዓመት የለመደ እግር ነው፤ ዋጋውን ሲሰማ ተነስቶ ወጣ። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ «ኧረ እትዬ ዘይባ፣ በአላህ ይመለሱ፣ ይህችም ትሄዳለች!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሔራን ከወንበሯ ተነስታ ነበር። ክቡርነትዎ ከመስከረም ጀምሮ ያላደረጉትን ያቺ ልጅ አደረገችው። ተመለስኩና ያለ ክርክር ከፈልኩ። «አሞዎታል እንዴ?» ብላ ውኃ አመጣችልኝ።

5ኛ. ስለ ባዶ ወንበሮች

«አንድ ብቻ ቀረች» ባሉት አውሮፕላን ውስጥ ከፊቴ ሦስት ወንበር ባዶውን ሄደ። ቆጥሬዋለሁ። እኛ አገር ረዳት የሚባል የተባረከ ሰው አለ፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ዱባይ! ዱባይ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ቢጠራ በግማሽ ዋጋ ሦስት ሰው ባስገባልዎት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የአረቅጥ ልጅ ሀቢቡ የስልክ ዕቃ ሊያመጣ የሚሄድ ነጋዴ ነው፤ ስንት እንደ ከፈለ ጠየቅሁት። አርባ ስድስት አለኝ። ያው አውሮፕላን፣ ያው ወንበር፣ ያው የምትታደል ዳቦ! የእኔ ዳቦ ቅቤ እንኳ አልጨመረችም። ከዚያ በኋላ ዱባይ እስክንደርስ አላነጋገርኩትም፤ እሱ ምን አደረገ? ሲመለስ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ስለ መርከቡ ብዙ አልጽፍም፤ የእርስዎ ግዛት አይደለምና። ምግቡ ሁሉ የተከፈለበት ነው ተብሎ ዋጋ የሚነግረኝ ሰው በማጣቴ ሁለት ቀን በደንብ አልበላሁም። መርከቡ በዞረ ቁጥር ቂብላው ይጠፋብኛል፤ ፈቲሀ ናት የምታሳየኝ። ፈቲሀን የማገኛት ከሥራ ስትወጣ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። እጇ ከካውያው ሙቀት የተነሳ እንደ ቆዳ ሆኗል። ፀጉሯ ጠርዝ ጠርዙን ሸብቷል፤ እኔ ግን የማውቃት በሃያ አራት ዓመቷ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ምን እንዳወራን ልንገርዎት? ስለ በርበሬ ዋጋ። ዘንድሮ ቆሼ ስንት እንደ ገባ፣ ማን ነቀዝ ያለበትን እንደ ሸጠ፣ መድኃኒት ቤቱ አሁንም እዚያው እንደሆነ። ያንን ነገር እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ። ሁለታችንም ሻጭ ነን፤ ቀድሞ የሚጣራ ጠፋ።

ቅዳሜ ጠዋት መርከቡ ዱባይ ደረሰና መንገደኛ ውረድ ተባለ። ፈቲሀ የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች እስከ መውረጃው ድልድይ አፍ ድረስ ሸኘችኝ፤ ከዚያ ማለፍ አይፈቀድላትም። ተቃቀፍን። ሻንጣዬን እየጎተትኩ መውረድ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ቀስ እያልኩ መሆኑን ያወቅሁት ሦስት ላይ ነው። አራት ላይ ከኋላ የሚጣራ የለም፤ እሷ የእኔ እህት ናት፣ ከማን ተማረችው? አምስት። ስድስት። የዚያን ቀን እሷ መድኃኒት ቤቱ ጋ ቆማ ምን ትሰማ እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት። ሰባተኛው ላይ ዞርኩና፣ ፈረንጁ፣ ዘበኛው፣ ሻንጣ ጫኙ ሁሉ እያየኝ፣ ገበያ ላይ እንኳ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ «ፈቲሀ! እኩል ነው! እኩል! ነይ!» አልኩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል፤ ይበሉ። እሷ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ታለቅስ ትስቅ አልለየሁትም። ከላይ ሆና፣ ያቺ የድሮ ነገረኛ ድምጿ ተመልሳ፣

«የትኛው ቀን ነው የሚረክሰው?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሁሉ መካከል ስላሳዩኝ የማይናወጥ ጭካኔ፣ አርባ ስምንቱን መቶ አሥራ ሦስት አድርገው ስላስተማሩኝ ትምህርት፣ እንዲሁም አንዲት በርበሬ ሻጭ የራሷን ፊት የምታይበት መስታወት ሆነው ስላገለገሉ፣ ምስጋናዬን ከታላቅ አክብሮት ጋር አቀርባለሁ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልዎት፤ መውደቅ ካለብዎትም የሚወድቁትን በዋጋ ያድርግልዎት።

ከማይጎድል አክብሮትና ከጎደለ ኪስ ጋር፣
ዘይባ ሙስተፋ
የ«ዘይባና ፈቲሀ በርበሬ መሸጫ» እኩል ባለቤት (ታፔላው እየተጻፈ ነው)

ግልባጭ፦
ለመምህር ሀብተወልድ፣ ሌላ ደብተር እንዲገዙ፣
ለወይዘሪት ሔራን፣ ስለ ጠራችኝ፣
ለአቶ ሙባሪክ፣ ዳግመኛ ለማንም ሰላይ እንዳይሆን።

ማሳሰቢያ፡ በመጋቢት ወር ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ ለአንድ ሰው፣ መመለሻ የሌለው ትኬት እፈልጋለሁ። ማክሰኞ ይሁን እሑድ ግድ የለኝም። ዋጋውን ሲነግሩኝ እስቃለሁ፤ ግማሹን እላለሁ፤ ተነስቼ እወጣለሁ፤ ይህ የእግሬ ነገር ስለሆነ አይቀየሙኝ። ሰባተኛው እርምጃ ላይ ቢጠሩኝ ለስምዎ ጥሩ ነው። ባይጠሩኝ ግን አስፋልቱን አልሻገርም፤ ራሴ ተመልሼ ባሉት ዋጋ እገዛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለሌላ ነጋዴ እንዳይነግሩብኝ አደራ፤ ገበያዬ ይበላሻል።